የእንግዳውን ሂሳብ ማን ይጠይቅለት?



በከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ሶደቃ አንሰጥም ብሎ የሚወቅሰን ሰው ቢመጣ ወቀሳው ተገቢ አይመስለኝም። ጎርፍ መጣ ሲባል፣ ድርቅ ገባ ሲባል፣ ሰው ተፈናቀለ ሲባል ከመስጂድ በር ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ኪሱን የማይዳብስ ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ፣ ልብሱ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ምን ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ጥያቄውን የማነሳው ሰው ለመጠርጠር አይደለም። የማናውቀው፣ የማያውቀን፣ ስማችንን ጠርቶ እንኳ ሊወቅሰን የማይችል ሰው ሐቅ በመካከሉ ስላለ ነው።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ ቦታ ይዞ ማየቱ ይሻላልና ወደ ፎገራ እንሂድ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ወረታን ያገኛል። እዚያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋይንትና ወልዲያ ይገነጠላል። እኔም እንደ አብዛኛው መንገደኛ ወረታን የተዋወቅኋት በመኪና መስኮት ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ዐይን እስኪደክም የተዘረጋው ሜዳ ነው ፎገራ። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ከተማዋን አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ ትተዋት፣ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክረምት ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ ሐይቁ የሞላ እንደሆነ ደግሞ ውሃውን መልሶ ይገፋዋል። መሬቱን በደለል የሚያሰባውም ያው ውሃ ነው። ዱሮ ፎገራ ሲባል የሚታወሰው ከብቱ ነበር፤ ኋላ ሩዝ ገባበትና ዛሬ አገር የሚያውቀው በሩዙ ነው፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም እዚያው ተቋቁሟል።

ሩዝ ደግሞ ብቻውን የሚሠራው ሰብል አይደለም። ገበሬው ለአረሙም ለአጨዳውም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ወንፈል አለ። ወንፈል ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ የሚባልበት የሥራ ብድር ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና ምግቡን አዘጋጅቶ ሰውን ያሠራል፤ ቀን በቀን ካልተመለሰ የሚል ጥብቅ ነገር የለበትም። ወንፈል ግን ይቆጠራል። ሁለት ቀን የሠራህልኝ እንደሆነ ሁለት ቀን አለብኝ። ገበሬው ይህን ሲቆጥር አያፍርም፤ ጎረቤቱም ተቆጠረብኝ ብሎ አይቀየምም። ወንፈልን ከአባት ወደ ልጅ ያደረሰው ይኸው መቆጠሩ ይመስለኛል።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ሜዳ ላይ ማሳና ማሳ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ገበሬ ሳይመካከር የውሃ መውረጃ ቢቀድ ወይም ክትሩን ቢያፈርስ ጎርፉ የሚገባው ከታች ካለው ጎረቤቱ ሩዝ ላይ ነው። ኑዕማን ኢብኑ በሺር ያስተላለፉትን የመርከብ ሐዲስ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከመርከቡ ታችኛው ክፍል ያሉት ውሃ ለመቅዳት ላዮቹን ላለማስቸገር ብለው የራሳቸውን ወለል ሊበሱ ያሰቡበት ታሪክ ነው። አሳባቸው ክፉ አልነበረም። ላዮቹ ዝም ቢሏቸው ግን ሁሉም ይሰጥሙ ነበር።

አሁን ወደ 1998 ዓ.ም. ክረምት ልለፍ። ያ ክረምት ለአገሪቱ ሁሉ የጎርፍ ክረምት ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት መታትና ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በነሐሴ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ነፍስ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ቀበሌዎች አጥለቀለቁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ በመጠለያ ሰነበተ፤ የቆመ ሰብል ውሃ ውስጥ ቀረ። በከተሞቻችን የእርዳታ ጥሪ ተላለፈ፤ ሕዝቡም አላሳፈረም።

እኔ በምኖርበት ሰፈርም ኮሚቴ ቆመ። ብርድ ልብስ፣ ብር፣ ዱቄት ተሰበሰበ። ክረምቱ አልፎ በበጋ አንድ አዛውንት፣ ኪሎ ሥጋ ከመግዛታቸው በፊት ሁለት ጊዜ የሚያስቡ ሰው፣ በስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «ያ የሰጠነው ከምን ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ከኮሚቴው አንዱ ተቆጣ። «አታምኑንም ማለት ነው?» አለ። ሰዉም አዛውንቱን ዝም አሰኛቸው፤ በሽማግሌ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም ተባለ። ኮሚቴው ገንዘቡን በልቷል አልልም። ምናልባትም ሳንቲም ሳይጎድል አድርሷል። ቅር ያሰኘኝ ግን ያ ጥያቄ እንደ ስድብ መቆጠሩ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ቅር ይለኛል።

ለመሆኑ እኛ መቆጣጠር የማናውቅ ሕዝብ ነን እንዴ? አይደለንም። እድርን እንመልከት። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ያበላሸ ይከፍላል። እቁብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ዋስ ሳያቀርብ እጣውን ይዞ የሚሄድ የለም። በወሎ ቅሬ ብትሄዱም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሆኖ ያንኑ ያደርጋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሂሳብ መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ልዩነቱ ወዴት ነው? ልዩነቱ ከተጠቃሚው ላይ ነው። በእድር ተጠቃሚው አባል ነው። ነገ የእሱ ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑ ካልመጣ ተነስቶ ይጮሃል፤ መዝገቡ ላይ ስሙ አለ። ለፎገራ በተሰበሰበው ብርድ ልብስ ግን ተጠቃሚው ርብ ዳር ያለ ገበሬ ነው። ስንት ብርድ ልብስ እንደተሰበሰበለት አያውቅም። አሥር ቢደርሰው አመስግኖ ይቀበላል፤ ሃምሳ እንደነበር የሚነግረው የለም። በሰብሳቢው ፊት ቆሞ «የእኔስ?» የሚል ጠያቂ የለውም። እንግዲህ እኛ ካልጠየቅንለት ማን ይጠይቅለታል?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከነቢይነት በፊት በመካ የሆነውን ሒልፉል ፉዱል የሚባለውን ቃል ኪዳን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን፤ ዝርዝሩን ግን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጠ። ዓስ የቁረይሽ ትልቅ ሰው ነው። እቃውን ወሰደ፣ ዋጋውን ከለከለ። ነጋዴው በመካ ጎሳ የለውም፣ ወገን የለውም፤ የዓስ ተባባሪ ለሆኑት ጎሳዎች አቤት ቢልም ገሥጸው መለሱት። ቢቸግረው አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ በደሉን ጮኾ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የነቢዩ አጎት ዙበይር ኢብኑ ዐብዱል ሙጦሊብ ተነሱ፤ ከጥቂት ጎሳዎች የተውጣጡ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለው የአገሩ ሰውም ይሁን እንግዳ ሐቁ እስኪመለስ ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ሄደውም ከዓስ እጅ የሰውየውን ሐቅ አስመለሱ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ለነጋዴው ከየኪሳቸው አዋጥተው ስንቅ ሰጥተው ሊሸኙት ይችሉ ነበር። ያም ደግ ሥራ በተባለላቸው፤ ከዓስም ጋር ባልተቀያየሙ ነበር። እነሱ ግን የመረጡት የገዛ ወገናቸውን ለባዕዱ ሲሉ መጠየቅን ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከነቢይነትም በኋላ፣ ወደዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን በእስልምና ውስጥ ብጠራ እሺ እላለሁ ብለው እንዳወደሱት ተላልፏል።

ይህን ያነሳሁት ቀጥሎ ለምናገረው መንገድ እንዲሆነኝም ጭምር ነው። ምክንያቱም አሁን የማመጣው ምሳሌ ለአንዳንድ አንባቢ ላይጥም ይችላል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዙ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ አውራ አምባ አለ። ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዙምራ ኑሩ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ናቸው። እናታቸው ቀን ከአባታቸው እኩል እርሻ ውለው ማታ የቤቱን ሥራ ብቻቸውን ሲሠሩ ማየታቸው፣ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎች ሲንገላቱ መመልከታቸው ከልጅነት ጀምሮ ጥያቄ ሆነባቸው። ቤተሰቦቻቸው ልጁ አእምሮው ተነካ እስከማለት ደርሰው ነበር። በኋላም ተከታይ ሲያገኙ ከአካባቢው ሰው ጋር አልተስማሙም፤ በደርግ ዘመን ሥጋቱ ሲበዛባቸው በ1980 ዓ.ም. ግድም ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። መንግሥት ተለውጦ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ሲመለሱ አብዛኛው መሬት በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ጠበቃቸው፤ 17 ሄክታር ያህል ብቻ ቀረላቸው። በዚያ መሬት ያ ሁሉ ሰው በእርሻ ሊኖር አይችልምና ወደ ሽመና ዞሩ።

አውራ አምባ ውስጥ መስጂድም ቤተ ክርስቲያንም አልተሠራም። በፈጣሪ አንድነት እናምናለን ይላሉ፤ የአምልኮ ሥርዓት ግን አልያዙም። በዚህ ጉዳይ የእኛና የእነሱ መንገድ የተለያየ ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ነገር ግን በኢብኑ ጁድዓን ቤት የተሰበሰቡትም ያን ጊዜ ካዕባን በጣዖት የሞሉት ሰዎች ነበሩ። ቃል ኪዳናቸው ግን ተወደሰ።

ከአውራ አምባ ልንወስደው የሚገባን ነገር አደረጃጀታቸው ነው። ሥራቸውን በልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ከፋፍለው፣ ኮሚቴዎቹን ራሳቸው መርጠው ያቆማሉ። ከእነዚህ አንዱ ለወገን ደራሽ የሚባለው ነው፤ ችግር ለደረሰበት የሚደርስ። ከሥራ ቀኖቻቸውም ለአቅመ ደካማ መርጃ የሚውል ለይተው ይሠራሉ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው፤ እንግዳ የሚቀበል አካል አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ቅሬታ የሚሰማ አካል አቆሙ። ይኼ ነው የገረመኝ። ረጂውና ቅሬታ ሰሚው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። የተረዳው ሰው ወይም የረዳው ሰው አንድ ነገር ቅር ቢለው ሐሜት ውስጥ ሳይገባ የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። በየቤቱም በየ15 ቀኑ ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ ልጅ እናትና አባቱን ጭምር ምን እንዳጎደሉ ይናገራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ ለእኔ ዓይነቱ የከተማ ሰው ይከብዳል። አባትን በልጅ ፊት መገምገም ከመከባበሩ ላይ አንድ ነገር የሚያጎድል ይመስለኛል፤ የቤት ገመና ደግሞ ገመና ነው። ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለልን የከለከለችው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ድንበር ማስመር ያስፈልጋል። ወንድሜ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚበላ፣ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም። የሌላ ሰው አማና በእጁ ሲይዝ ግን ያ አማና የእሱ ገመና አይደለም። ስለ እሱ በአደባባይ መጠየቅ መሰለል አይባልም።

«ሶደቃ በስውር ነው የሚሻለው፣ ይህ ሁሉ ደብተርና ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። በቅን ልብ የሚሉት ነው፤ ይሁንና ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋል። መሰወር ያለበት ሰጪው ነው። ስሙ ባይጠራ፣ መጠኑ ባይነገር ለእሱ ይሻለዋል። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል የቆመው ሰው ግን ምንም ስውር ነገር የለውም። እሱ ባለአደራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሳ የሆነውን ኢብኑል ሉትቢያን ምጽዋት እንዲሰበስብ ልከውት ሲመለስ፣ ያመጣውን ከፍሎ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ ነገሩን በጓዳ አልጨረሱትም። ሚንበር ላይ ወጥተው፣ እናት አባቱ ቤት ቁጭ ቢል ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር በሕዝብ ፊት ጠየቁ። ሰውየው ሌባ ነኝ አላለም፤ ያመጣውን አልደበቀም። ቢሆንም ተጠየቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ለሚተርቱ የአገራችን ሰዎች ይህ ታሪክ በደንብ ሊነገር ይገባል።

ከቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ ብድርን ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ይናገራል። በሚተማመኑ ምእመናን መካከል ያለ ብድር ነው ጻፉት የተባለው። መጻፍ አለመተማመን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልታዘዘ ነበር። ሂሳብ የምንለው ቃል እንኳ ለሱቅ ደብተርም ለየውመል ሂሳብም ያው አንድ ቃል ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከ1998ቱ ይልቅ ከብዷል። ያኔ ብርድ ልብሱን በዓይናችን እናየው ነበር። አሁን በቴሌብርና በባንክ ቁጥር በአንድ ሌሊት ብዙ ብር ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢውን በአካል የሚያውቀው ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ጋይንት ሲደርስ ከወሎና ከጋይንት ተፈናቅሎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው ሰው መንገዱ በወረታ በኩል ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎችም በየከተማው ብዙ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ደግሞ የጣናን እምቦጭ ለመንቀል የወር ዘመቻ ተጠርቶ ሰው ከየአቅጣጫው ሄዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን እምቦጭን የሚያውቅ ሰው እንደሚነግራችሁ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ የተነቀለውም በአግባቡ ካልተወገደ ውሃው መልሶ ይወስደዋል። ዘማቹ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአረሙ ጋር የሚቀረው የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ነው። ከዘመቻው በኋላ በሚቀጥለው ክረምት ደውሎ «ያ ያወጣነው ቦታ እንዴት ሆነ?» ያለ ስንት ሰው ይሆን?

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። እድር ያለው ሰፈር ዘዴውን ያውቀዋል። ማንኛውም የእርዳታ ኮሚቴ ሲቆም ገንዘብ የሚይዘውና ሂሳብ የሚጽፈው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ብሩ ሲቆጠር ሦስተኛ ሰው ይኑር። ገና ከመጀመሪያው፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ሂሳቡ የሚነገርበት ቀን ይቆረጥ፤ ለምሳሌ ከአርባ ቀን በኋላ ባለው ጁሙዓ። ቀኑ አስቀድሞ ከተቆረጠ እጁን የሚያወጣ አዛውንት አያስፈልግም፤ ይሉኝታም ቦታ አያገኝም። ኢማሞቻችንም ቢሆኑ ስጡ ሲሉ በሚናገሩበት ሚንበር ላይ ምን ደረሰ የሚለውንም ቢያነሱት ከቦታው የወጣ ነገር አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የተቀባዩን አፍ ማግኘት አለብን። እርዳታው ወረታ ደረሰ ከተባለ ከዚያው ከቀበሌው ሰዎች ሁለቱ ምን እንደተረከቡ ጽፈው እንዲፈርሙ ይደረግ፤ ተቀባዩም የተላከለት ጠቅላላ መጠን ስንት እንደሆነ አብሮ ይነገረው። ይህ ሲሆን ርብ ዳር ያለው ገበሬም እንደ እድርተኛ ጠያቂ ይሆናል።

በመስጂዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። የሰጪ ስም አይጻፍበት። ስንት ብር ገባ፣ ማን ቆጠረው፣ በምን ተገዛ፣ ለመኪና ስንት ተከፈለ፣ በየትኛው ቀን ከማን እጅ ደረሰ፣ ተረካቢዎቹ ምን አሉ፤ የተረፈ ካለም ስንት ነው፣ የት ተቀምጧል።